የሳንባ ምች ጣሪያ

ሆስፒታላችን ዘንድሮ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉ ሕሙማን የሚከሰተውን የሳንባ ምች ዜሮ ለማድረግ ቃል ገብቶ ነበር። ለዚሁም ከደም ውስጥ የበሽታውን ጠቋሚ የሚለካ መሣሪያ ተገዛ። ቁጥሩ ከአሥር ካለፈ ምች አለ፤ ካላለፈ የለም። የሆሳዕና ሕዝብ እንኳን ደስ አለህ ብዬ በሬዲዮ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነኝና።

አቶ ሽብሩ ከዶዮገና ድንች ጭነው ሲመጡ አይሱዙው ተገልብጦ ማሽን ላይ የዋሉ ሰው ናቸው። እየተሻላቸው ሳለ ትኩሳት ያዛቸው። ዶክተር ሆሴዕ የሚባል ገና ከትምህርት የወጣ ችኩል ልጅ ደማቸውን ለካና አሥራ ሁለት አገኘ።

"መድኃኒት ልጀምርላቸው" አለ።

ሥራ አስኪያጃችን ዶክተር ጥላዬ መነጽራቸውን አወለቁ። "ምን ብለህ ጽፈህ?"

"የሳንባ ምች።"

"ዜሮ ብለን የለ እንዴ?"

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ በጸሎት ተከፈተ። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ አሥር የተባለው የፈረንጅ ሳንባ ታይቶ የወጣ ቁጥር እንደሆነ፣ የእኛ ሰው ግን ቆጮ በልቶ ያደገ በመሆኑ ጣሪያው ሃያ ሊሆን እንደሚገባ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ሽብሩ አልጋቸው ላይ እንደተኙ በዚያው ሰዓት ዳኑ።

የምሥራቹን ለልጃቸው ለጵርስቅላ ነገርናት። ዶዮገና የምታስተምር ሴት ናት፤ ይገባታል ብለን ነበር።

"ዶክተር፣ አባቴ እኮ እየነደደ ነው" አለች። "አክታውም መግል ሆኗል። መድኃኒቱን ለምን አትሰጡትም?"

"ለምኑ? በሽታ የለባቸውም እኮ፣ እህቴ" አሏት ዶክተር ጥላዬ።

"ትናንት አለ ብላችሁኝ የለ?"

"ትናንት ጣሪያው አልተስተካከለም ነበር።"

አለቀሰች። የሰው ነገር ይገርማል፤ አባትሽ ጤነኛ ናቸው ስትባል የምታለቅስ ልጅ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ።

በማግሥቱ ቁጥሩ ሃያ አምስት ደረሰ፤ እኛም ጣሪያውን ሠላሳ አደረግን። ሠላሳውንም ሲያልፍ፣ በየቀኑ መሰብሰቡ ሥራ እየበደለ ስለመጣ መቶ ይሁንና እንረፍ ተባለ። ዶክተር ሆሴዕ ብቻውን ተቃወመ። የቡድን መንፈስ ስለሚጎድለው ለክትባት ዘመቻ ገጠር ተላከ።

አቶ ሽብሩ ዓርብ ጠዋት አረፉ። ከምች ነጻ ሆነው።

ጵርስቅላ አስከሬን ለመውሰድ መኪና ይዛ መጣች። ዶዮገና ድንኳን ተጥሎ ዘመድ ተሰብስቧል። ዶክተር ጥላዬ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

"አትቸኩዪ፣ እህቴ። ለመጪው ዓመት ሞትንም ዜሮ ለማድረግ አቅደናል፤ ሥራው ከወዲሁ ተጀምሯል።"

"አስከሬኑን ስጡኝና ልሂድ። ቀባሪ እየጠበቀኝ ነው።"

"የምን አስከሬን? ልብ ከቆመ ስንት ሰዓት ሲያልፍ ሞት እንደሚባል ኮሚቴው ገና አልወሰነም። እስኪወስን አባትሽ ታካሚያችን ናቸው።"

ወደ እኔ ዞረች። "ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?"

"ሰኞ" አልኳት፣ በትሕትና።

እስከ ሰኞ አባቷ አጠገብ መቀመጥ ትችል እንደሆነ ጠየቀችን። የታካሚ መጠየቂያ ሰዓት ስላለፈ አልፈቀድንላትም።