ለሁሉም ፈቃድ አለኝ

(በአንዲት የዳልማቲያ ጠረፍ ደሴት ላይ ያለ የባሕር ዳር ምግብ ቤት፤ ማድ ቤቱ። ቤቱን የሚያስተዳድረው የርኮና በሠርጉ ጊዜ ሚዜው የነበረው ዲንኮ በአንድ ሽርጥ ይጓተታሉ።)

የርኮ፦ ልበሰው ብያለሁ።

ዲንኮ፦ አበባ አለበት።

የርኮ፦ ቢኖርበትስ? ሰርዲኑ አይስቅብህም።

ዲንኮ፦ ሰርዲኑማ አይስቅም። ውጭ ቁጭ ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው እስከ ገና የሚስቁብኝ። ደግሞስ እኔ ምግብ መሥራት የት አውቃለሁና? የሚያውቀው ቢክራም ነው። የታለ?

የርኮ፦ ጓሮ አጥር እየገነባ ነው።

ዲንኮ፦ ወጥ ሠሪያችን?

የርኮ፦ ዛሬ ግንበኛ ነው።

ዲንኮ፦ (በመስኮት አጮልቆ) እውነትህን ነው እንዴ? ሲሚንቶውን ድንጋዩ ላይ የሚቀባው ዳቦ ላይ ቅቤ እንደሚቀባ ሰው ነው። ቆይ... አሁን ደግሞ በጣቱ ቀመሰው።

የርኮ፦ የእጅ ልማድ ነው፣ ተወው።

ዲንኮ፦ ጨው ጨመረበት።

የርኮ፦ ስማኝ ዲንኮ፣ አንተ ነገር ቶሎ ስለማይገባህ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። የሥራ ተቆጣጣሪዋ ከስፕሊት ከተማ በሚመጣው መርከብ ትደርሳለች። ቢክራም ከኔፓል የመጣው በግንበኛ ፈቃድ ነው። እዚህ ምድጃ ፊት ካገኘችው ቤቱን ታሽገዋለች። ቱሪስት የሚጎርፍበት በጋ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል። በጋው ካመለጠን ክረምቱን ድንጋይ ልንበላ ነው?

ዲንኮ፦ ታዲያ ያኔውኑ የወጥ ሠሪ ፈቃድ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?

የርኮ፦ አየህ፣ አለማወቅ ማለት ይሄ ነው። የወጥ ሠሪ ፈቃድ የደሴቱ ምግብ ቤት ሁሉ ይጋፋበታል። የግንባታው በኩል ቶሎ ያልቃል ሲሉኝ እሱን ጠየቅኩ። ለቢክራም በግንባታ፣ ለአስተናጋጁ ለሱኒል በዓሣ ማጥመድ፣ አልጋ ለምታነጥፈዋ ልጅ በወይራ እርሻ። እኔ እንደ ሌላው በአንድ በር አልጋፋም፤ መንግሥት በየዘርፉ ፈቅዶልኛል።

ዲንኮ፦ ታዲያ ሱኒል ዛሬ ባሕር ላይ ነው በለኛ።

የርኮ፦ ዓሣ አጥማጅ አይደል? የት ልታገኘው ኖሯል?

ዲንኮ፦ ዋና አይችልም'ኮ።

የርኮ፦ ጀልባዋ እንደታሰረች ናት፤ የትም አትሄድም።

ዲንኮ፦ ታስራም ያስመልሰዋል። አሁን ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ ፊቱ ቢጫ ሆኗል። መረቡን እንደ ጠረጴዛ ልብስ አጣጥፎታል። አንድ ጀርመናዊ ባጠገቡ ሲያልፍ ደግሞ ብድግ ብሎ «ለስንት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀው።

የርኮ፦ ጀርመናዊው ምን አለ?

ዲንኮ፦ «ለሁለት» አለ። ከነሚስቱ ጀልባው ላይ ተቀምጠዋል።

የርኮ፦ ይቀመጡ፣ ሞቅ ያለ ሥራ ይመስላል። በቃ ሁሉም እንደ ፈቃዱ ቦታ ቦታውን ይዟል። ማድ ቤቱን እኔና አንተ እንሸፍነዋለን። (በቢላ የዓሣ ቅርፊት መፋቅ ይጀምራል።) ሽንኩርቱን ላጥ።

(ዲንኮ ባለ አበባውን ሽርጥ ለብሶ ሽንኩርት ይልጣል።)

ዲንኮ፦ እኛስ?

የርኮ፦ እኛስ ምን?

ዲንኮ፦ እኛ ፈቃድ አለን?

የርኮ፦ (ይስቃል) አይ ዲንኮ። በገዛ አገርህ የምን ፈቃድ?

ዲንኮ፦ የዛን ሰሞን እዚያ ማዶ መጠጥ ቤት ቢራ ሲቀዳ ያገኙት ልጅ'ኮ የደሴቱ ልጅ ነው። ሳይመዘገብ ሲሠራ ተገኘ ብለው ቤቱን አሸጉት።

የርኮ፦ እሱ ተቀጣሪ ነዋ። ተቀጣሪ ካልተመዘገበ ያስቀጣል። ባለቤት በገዛ ቤቱ ዓሣ ቢፍቅ ግን ማንም አይናገረውም። ሕጉን ለኔ ተወው።

ዲንኮ፦ እሱስ ልክ ነህ። እዚህ ቤት ባለቤቱ ማነው?

የርኮ፦ እኔ ነኝ እንጂ፣ ማን ሊሆን ነው?

ዲንኮ፦ አይደለህም።

የርኮ፦ ሽንኩርቱ አናትህ ላይ ወጣ እንዴ?

ዲንኮ፦ ከሚስትህ ከኔዳ ጋር ስትፋቱ እንዳትካፈለኝ ብለህ ቤቱን በኔ ስም አዞርከው። ረሳኸው?

የርኮ፦ እሱ... እሱማ ለስሙ ያህል ነው።

ዲንኮ፦ መንግሥት የሚያውቀው ስሙን ነው። የግንበኛውም፣ የዓሣ አጥማጁም፣ የወይራዋም ፈቃድ የወጣው በኔ ስም ነው። «ዝም ብለህ ፈርም፣ አይገባህም» ስትለኝ ዝም ብዬ ፈረምኩ። እኔ ባለቤት ነኝ፣ እንደፈለግኩ እልጣለሁ። እነሱ ፈቃድ አላቸው። እንግዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ ሳይመዘገብ የሚሠራው ማነው?

(የርኮ ቢላውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። የመርከብ ጡሩምባ ይሰማል።)

የርኮ፦ ዘመዴ ነው በላት። ዘመድ ቢያግዝ አይከለከልም።

ዲንኮ፦ የሚዜ ዝምድና ሕጉ ላይ የለም።

የርኮ፦ እንግዳ ነው በላት።

ዲንኮ፦ እስከ ክርንህ የዓሣ ቅርፊት ለብሰህ?

የርኮ፦ ዲንኮ፣ ወንድሜ፣ ተው እንጂ። ቤቱ ከታሸገ አለቀልኝ። ከዚህ ቤት ሌላ በዓለም ላይ ምንም የለኝም።

ዲንኮ፦ እሱም የለህም።

(ተቆጣጣሪዋ በጓሮ በኩል ዞራ በሩ ላይ ትቆማለች። ጫማዋ ሲሚንቶ ነክቶታል።)

ዲንኮ፦ እንኳን ደኅና መጡ እመቤት። አዎ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ግንቡን አዩት? እንግዲህ በነሱ አገር እንደዚያ ነው የሚገነባው አሉ። ዓሣ አጥማጁም ጀልባው ላይ ነው፤ አብረውት ያሉት ጀርመኖች ያጠመዳቸው አይደሉም። ይሄኛው? (የርኮን ከላይ እስከ ታች ያየዋል።) ኧረ ይሄ ሠራተኛ አይደለም እመቤት። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ካላመኑኝ ራሱን ይጠይቁት።

(ተቆጣጣሪዋ ወደ የርኮ ትዞራለች።)

የርኮ፦ (አንገቱን ደፍቶ) እውነቱን ነው።

ዲንኮ፦ አስረዳት እንጂ፣ እየጻፈች ነው።

የርኮ፦ እኔ እመቤት... ሥራ የሚባል ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ዲንኮ፦ ቀስ በልላት፣ ቶሎ ቶሎ ስትናገር አይገባትም።