የእማማ ዘነበች ድብ

ድብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናችሁ? እኛ አገር ድብ የለም። እኛ ድብን የምናውቀው ከዳዊት ታሪክ ነው፤ በግ ሊወስድ መጣ፣ ተገደለ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ድብ ያሰበ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እኔም ቶሮንቶ ዳር፣ ስካርቦሮ ስኖር የማስበው ስለ አውቶቡስ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ዊንተር ሲገባ የት እንደሚደበቅ አይታወቅም።

ወዳጄ ደረጀ ግን ድቡ ካለበት ገባ። መሐል ከተማው፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ደረጃውን እንደ ተራራ እየወጣ ተማረረ። ሚስቱ ሰናይት ነርስ ናት። ከቶሮንቶ በስተሰሜን፣ በመኪና ሁለት ሦስት ሰዓት ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሥራ ስታገኝ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ቤት ገዙ። ከቤቱ ጀርባ ሣር አለ፤ ሣሩ ሲያልቅ ጫካ ይጀምራል። ጫካው የት እንደሚያልቅ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ትንሽ ቆይቶ ደረጀ እናቱን እማማ ዘነበችን ስፖንሰር አድርጎ አመጣቸው።

እማማ ዘነበች ያደጉት ሐረር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሐረር ሰው ጅብ ያበላል። ጅቡ በልቶ ወደ ጉድጓዱ፣ ሰውየውም ወደ ቤቱ። ማንም ማንንም አይነካም። በኋላ ሲያስረዱኝ፣ «የጠገበ አውሬ ምን ያደርጋል? የሚፈራው የራበው ነው» ነበር ያሉኝ። እስቲ ይህን የሚሰማ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ደረጀ ትራክ ይነዳል፤ አንዴ ከወጣ መመለሻው ሩቅ ነው። ሰናይት ሆስፒታል ትውላለች። እማማ ከፍሪጁ ድምፅ ጋር ብቻቸውን። ከጎናቸው ማርጋሬት የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ከአሮጌ ውሻዋ ጋር ትኖራለች። በአጥር ላይ ይጨዋወታሉ፤ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እሳቸው በአማርኛ። ሳይግባቡ ተስማምተው ይኖራሉ። ከስንቱ ባልና ሚስት ይሻላሉ!

በጸደይ የሰፈሩ ሰው ስለ ድብ ስብሰባ ጠራ። ደረጀ እናቱን ይዞ ሄደ። ብዙ ተወራ። ቆሻሻ ውጭ አታሳድሩ። ለወፍ ጥሬ አትስቀሉ። የሰው ምግብ የለመደ ድብ ሰው መፍራት ያቆማል፤ ሰው መፍራት ያቆመ ድብ ደግሞ ይገደላል። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሌላው ሲነቀንቅ እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ሲወጡ፣ «ምንድን ነው ያሉት?» ብለው ቢጠይቁት፣ ደረጀ መኪናውን እያስነሳ፣ «ስለ ቆሻሻ ነው፣ እማዬ» አላቸው። አለቀ።

ሰመር ሲገባ ድቡ መጣ። ጥቁር ነው፤ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ጎድኑ የሚቆጠር። እማማ በኩሽና መስኮት አዩት። አንጀታቸው አልቻለም፤ የተረፈ ዳቦ ወረወሩለት። በማግሥቱም ተመልሶ መጣ። ኋላማ ማር እየቀቡለት፣ በራፍ ላይ ቆመው፣ «ና እስቲ፣ ብላ» ይሉት ጀመር። እሱም ድምፃቸውን ሲሰማ ከጫካው ብቅ ይላል። ለማንም አልተናገሩም። ምጽዋት ይወራል እንዴ?

ደረጀ ዳቦው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ደስ አለው። ኮል አድርጎልኝ፣ «እናቴ አገሩ ተስማማት፤ መብላት ጀመረች» አለኝ።

ፍልሰታ ሲደርስ እማማ ለሱባኤ ቶሮንቶ መጥተው እኔ ቤት አረፉ። ጾሙ እንደተፈታ ልመልሳቸው ይዣቸው ወጣሁ። ስንደርስ የሰፈሩ ሰው ደጅ ላይ ቆሟል። የዱር እንስሳት ሠራተኞች ጠመንጃ ይዘው የማርጋሬትን ቤት ከበዋል። ለካ ድቡ እማማን ሲያጣ ጎረቤት ሄዷል። ማርጋሬት ኬክ ስትጋግር የኩሽናዋን በር ገንጥሎ ገባ። እሷ ሽንት ቤት ገብታ ቆለፈች። ውሻዋ ግን ዕድሜውን ረስቶ ተጋፈጠ። የድቡ አንድ ጥፊ በቃው። ድቡም ተመልሶ ጫካ ገባ።

የሆነውን ነገርኳቸው። «ጆሮው የተቀደደ ነው ወይ? ጠይቅልኝ» አሉኝ። ጠየቅኩ። አዎ፣ ነው።

መልሱን ስነግራቸው ቆም እንኳ አላሉም። በቤታቸው ውስጥ አልፈው በጓሮ በር ወጡና ወደ ጫካው ጮኹ።

«ሂድ! አንተ! እንዳትመጣ! ሂድልኝ!»

ድብ አማርኛ ያውቃል? ድምፃቸውን ነው የሚያውቀው። ቅርንጫፉን እየሰባበረ፣ እየሮጠ መጣ። ሣሩ መሐል ሲደርስ ተኮሱበት። ወደ እሳቸው ትንሽ ተሳበ፤ ከዚያ ተኛ። እማማ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

የሠራተኞቹ አለቃ ሲያበላው የነበረው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሳልተረጉምላቸው ገባቸው። «እኔ ነኝ በለው» አሉኝ። ሰውየው አልተቆጣም። ድቡ ሰው ስለለመደ መገደሉ አይቀሬ እንደነበር ቀስ ብሎ አስረዳ። ቃል በቃል ነገርኳቸው። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ ይባላል» አሉ። «አጥግቤ የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ደረጀ ከመንገድ ገባ። እናቱ ቁጭ እንዲል እንኳ ጊዜ አልሰጡትም።

«ያን ጊዜ፣ ስብሰባው ላይ፣ ድብ አታስለምዱ ብለው ነበር?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንደሚገደልም?»

ደረጀ ጫማውን አየ። «አዎ» አለ። ምነው በተሳደቡ! ፊታቸውን ወደ ኩሽናው መስኮት አዞሩ።

በሩ ተንኳኳ። ማርጋሬት ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ውሻዋን ያን ጠዋት መቅበሯ ነው። በእጇ ትኩስ አፕል ፓይ፣ የፖም ኬክ፣ ይዛለች። ቂም የለኝም ማለቷ ነበር መሰለኝ። እማማ ተነሥተው አቀፏት። ተያይዘው አለቀሱ፤ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እሳቸው በአማርኛ። ከዚያ ማርጋሬት አንድ ቁራጭ ቆርጣ በሳህን አቀረበችላቸው።

እማማ ሳህኑን አዩት። ማርጋሬትን አዩዋት። ቀስ ብለው ሳህኑን መለሱላት።

«ደረጀ» አሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ በላት። ግን አልቀምስም። እዚህ አገር የለመደ ይገደላል።»