ከውልደታቸው ማለፍ ያቃታቸው ጋሽ ታደሰ

ነገርን ከሥሩ ካልጀመረ የማይሆንለት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ለምን አረፈድክ ስትሉት ከእንቅልፉ አነሳሱ የሚጀምር? ልደታ ኮንዶሚኒየም ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው።

ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ ሲወጡ የሕይወት ታሪካቸውን በኮምፒውተር መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ የየምዕራፉን ርዕስ በየገጹ አሰፈሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ገጽ አንድ ይመጣል፤ ገጽ አንድ ላይ ደግሞ ይወለዳሉ። ውልደታቸውን አንብበው፣ አርመው፣ ክርስትና ሳይነሡ ይመሻል።

«ጋሼ፣ ወደ መሃል ይዝለሉ እንጂ» ብላቸው ተቆጡ።

«መዝገብ ከመሃል ይነበባል እንዴ?»

የተጎዱት ማን መሰሏችሁ? ባለቤታቸው እትዬ አስካለ! «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ፣ መጽሐፉ ውስጥ እስካሁን አላገባኝም» አሉኝ።

ይሄ እንዴት ያስችላል? ሳያዩኝ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩና ፋይሉ ሲከፈት በቀጥታ «ሠርጌ» የሚለው ገጽ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁት።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ሲከፍቱት ሙሽራ ሆነዋል! ትንሽ አጉረመረሙና መጻፍ ጀመሩ። እትዬ አስካለ እልልታውን ሲያቀልጡት ጎረቤቱ የእውነት ሠርግ መስሎት በረንዳ ላይ ወጣ።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ በየዕለቱ ያገባሉ። ሚዜዎቹን ሲያርሙ ይመሻል።

ትናንት ታዲያ የበኩር ልጃቸው ደረጃ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበትን ጢሙን እያሻሸ፣ «ወንድሜ፣ በሞቴ፣ እኔም ልወለድ!» አለኝ።