ማንያዘዋል አፊፎን ሲያስተምር

ታከለ፦ እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ገመድ መጠባበቂያ ነው።

ማንያዘዋል፦ የምን መጠባበቂያ?

ታከለ፦ አንደኛው ቢበጠስ ብለው ነዋ። መኪናስ ትርፍ ጎማ ይዞ አይደል የሚሄድ?

ማንያዘዋል፦ አይ አንተ! ትርፍ ጎማ ተጭኖ ይሄዳል እንጂ አብሮ ይሽከረከራል? ይኸውልህ፣ አንደኛው ገመድ ማውጫ ነው፣ አንደኛው ማውረጃ። አለቀ።

ታከለ፦ የትኛው ነው ማውጫው?

ማንያዘዋል፦ (ሁለቱንም እያየ) ቀዩ።

ታከለ፦ ሁለቱም ቀይ ናቸው እኮ፣ ጋሼ።

ማንያዘዋል፦ በጣም የቀላው!

(ማንያዘዋል ከጎንደር ገጠር እስራኤል ውስጥ ወዳለችው አፉላ ከተማ ከመጣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ መጋዘን ውስጥ ማልገዛ ይነዳል፤ ያችን በሹካዋ ዕቃ የምታነሣ መኪና። “አላውቅም” የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የሥራ ባልደረባው ታከለ በዕድሜ ያንሰዋል፤ በፈረንጅ ዘጠና አንድ ቤተ እስራኤሎችን ባጓጓዘው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ታከለ ሲጠየቅ ሱፍ እየፈለቀቀ ትንሽ አስቦ ስለሚመልስ፣ ማንያዘዋል “ዘገምተኛ” ብሎ ከፈረጀው ቆይቷል። የአይሁድ ፋሲካ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሁለቱ ከቀን ፈረቃ ወጥተው ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ አንድ አፊፎን ዘርግተዋል። አፊፎን የሚሉት በገመድ ተይዞ በነፋስ የሚበረውን የጨርቅ ክንፍ ነው። ይኼኛው ሁለት ረጃጅም ገመድና ሁለት እጀታ አለው።)

ማንያዘዋል፦ በል ክንፉን ይዘህ ወደዚያ ራቅ። “ልቀቅ” ስልህ ትለቀዋለህ።

(ታከለ አፊፎኑን አቅፎ ገመዱ እስኪወጠር ሄደ። ነፋሱ ማንያዘዋልን ፊት ለፊት እየመታ ዓይኑን ያስለቅሰዋል።)

ማንያዘዋል፦ ልቀቅ!

(ታከለ ለቀቀ። አፊፎኑ ሽቅብ በመውጣት ፈንታ እየተንከባለለ መጥቶ የማንያዘዋልን ደረት መታው።)

ታከለ፦ ደረሰልዎት?

ማንያዘዋል፦ አየኸው? ጌታውን ያውቃል!

ታከለ፦ ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ይኼ ነፋስ ከየት ነው የሚመጣው?

ማንያዘዋል፦ ከሐይፋ በኩል፣ ከባሕሩ ነዋ።

ታከለ፦ ወዴትስ ይሄዳል?

ማንያዘዋል፦ ወደ ምሥራቅ፣ ቤት ሸአን ወደሚባለው ከተማ።

ታከለ፦ እንግዲህ እኛ አፊፎኑን ወደ ሐይፋ እንሰደዋለን፣ ነፋሱ ደግሞ ወደ ቤት ሸአን ይሰደዋል። ከእርስዎና ከነፋሱ ማን ያሸንፋል ብዬ ነው።

ማንያዘዋል፦ (ገመዱን እየጠቀለለ) ልፈትንህ ብዬ ነበር። ና፣ ቦታ እንለዋወጥ። ጀርባዬን ለነፋሱ መስጠት አለብኝ።

(ተለዋወጡ። አፊፎኑ ሽው ብሎ ወጣ። ማንያዘዋል በደስታ “ማውጫውን” ሳበ። ክንፉ ዞረና ቁልቁል ተወርውሮ አፍንጫውን መሬት ላይ ተከለ።)

ታከለ፦ ማውጫውን ሳቡት?

ማንያዘዋል፦ ሳብኩት!

ታከለ፦ ታዲያ ለምን ወረደ?

ማንያዘዋል፦ የፋብሪካ ስሕተት ነው። ማውጫና ማውረጃውን አቀያይረው አስረውታል።

(አምስት ጊዜ አነሡት፣ አምስት ጊዜ ተከሰከሰ። ታከለ በሮጠ ቁጥር እያለከለከ ይመለሳል።)

ታከለ፦ ጋሼ፣ እኔ የምለው፣ ምን አጣደፈዎት? ለከርሞ ፋሲካ አይደርስም?

ማንያዘዋል፦ (ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ) ለሰው እንዳትነግር። ሴቷ ልጄ፣ ሊላክ፣ ዩቫል የሚባለውን ልጅ ልታገባ አይደል? ከሦስት ሳምንት በፊት አባቱ ሞርዴካይ እኔንና ሊላክን ምሳ ጠራን። ስናወራ ቆየንና “አፊፎን ትችላለህ ወይ?” አለኝ። እኔ ደግሞ “ፔሌፎን” ያለኝ መሰለኝ።

ታከለ፦ የእጅ ስልኩን?

ማንያዘዋል፦ ድንች ጎርሶ ነው የጠየቀኝ፣ ምን ላድርግ! “ሦስት ዓመት ሆነኝ” አልኩት። “ማልገዛ ስነዳ እንኳን ባንድ እጄ ይዤው ነው” አልኩት።

ታከለ፦ እሱስ ምን አለ?

ማንያዘዋል፦ ሹካውን አስቀምጦ አፈጠጠብኝ። “ነፋስ ሲበረታስ?” አለኝ። “ነፋስ ሲበረታ ጆሮ ላይ ጥብቅ ማድረግ ነው” አልኩት።

(ታከለን ሱፉ ትን አለው።)

ማንያዘዋል፦ ምን ያስቅሃል?

ታከለ፦ ኧረ አልሳቅሁም፣ ሱፍ ነው። ከዚያስ?

ማንያዘዋል፦ “በል ለበዓሉ መናፈሻው ውስጥ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ ታሳየናለህ” አለኝ። ትናንት ይኸን ከረጢት ላከልኝ። ከፍቼ ቻርጀሩን ስፈልግ ዋልኩ።

ታከለ፦ ቃሉን ተሳስቼ ነው ብለው ቢነግሩትስ?

ማንያዘዋል፦ (ድምፁ ዝቅ አለ) እንዴት ብዬ? “ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሮ አንዲት ቃል መለየት አቃተው” ይበሉኝ? በሠርጓ ዋዜማ ልጄን ላሳፍራት? አላደርገውም፣ ታከለ።

(ታከለ የቀረውን ሱፍ ኪሱ ከተተና እጁን አራገፈ።)

ታከለ፦ በሴደር፣ እሺ ጋሼ። እንግዲያው ከመጀመሪያው ያስረዱኝ፣ እኔ ቶሎ አይገባኝም። ማልገዛዎ ወደ ቀኝ እንድትዞር መሪውን ወዴት ነው የሚያዞሩት?

ማንያዘዋል፦ ወደ ቀኝ ነዋ! ይኼም ይጠየቃል?

ታከለ፦ አፊፎኑ ወደ ቀኝ እንዲዞርስ ከሁለቱ ገመድ የትኛው ይሳባል?

ማንያዘዋል፦ የቀኙ... (አፉን ከፍቶ ቀረ) የቀኙ! የቀኙ ለቀኝ፣ የግራው ለግራ! ስማ ታከለ፣ ማውጫና ማውረጃ የሚባል ነገር የለም። ማነው እንዲህ ያለህ?

ታከለ፦ እንጃ፣ አንድ ሰው ሲናገር ሰምቼ ነው።

(ማንያዘዋል ሁለቱንም እጀታ እኩል ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አፊፎኑ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቀኙን ሲስብ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲስብ ወደ ግራ ሄደለት። ሳያውቀው አፉ እስከ ጆሮው ተከፈተ።)

ታከለ፦ የቀኙን ስበው ሳይለቁ ቢቆዩስ ምን ይሆናል? ለማወቅ ያህል ነው።

(ማንያዘዋል ሳበና ያዘ። አፊፎኑ ሰማዩ ላይ ክብ ሠራ።)

ማንያዘዋል፦ ዞረ! ታከለ፣ ዞረ! ውይ... ገመዱ ተጠማዘዘ! መቀስ አምጣ!

ታከለ፦ መቀስ ከየት ላምጣ? ገመዱ ይታዘዝልዎታል ወይስ እምቢ አለ?

ማንያዘዋል፦ እ... አሁንም ይታዘዛል።

ታከለ፦ እኔ ምኑም አልገባኝም። ግን በቀኝ አንድ ዙር የዞረ ነገር በግራ አንድ ዙር ቢመለስ...

ማንያዘዋል፦ ይፈታል! ልልህ ስል ከአፌ ነጠቅኸኝ!

(በግራ አዞረው፣ ገመዱ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ማንያዘዋልን የሚያቆመው ጠፋ። በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት፤ ቆይቶም ሁለቱን አያይዞ ወገቡ የተንጋደደ ስምንት ቁጥር ጻፈ። ላቡ ሸሚዙን አርሶታል። የመናፈሻው ሕዝብ ሲያጨበጭብለት ከወዲሁ ይሰማዋል።)

ማንያዘዋል፦ ና አሁን ተራው ያንተ ነው። እኔ እያለሁ አትፍራ። እንደኔ በአንድ ቀን ይገባሃል ማለቴ አይደለም።

ታከለ፦ እሺ፣ እሞክራለሁ።

(ታከለ ጃኬቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ አኖረና እጀታዎቹን ተቀበለ። አፊፎኑ ሽቅብ ወጥቶ የተስተካከለ ስምንት ጻፈ። ከዚያ ቁልቁል ተወረወረ። ማንያዘዋል ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ አፊፎኑ ሣሩን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ታጥፎ፣ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር እየሄደ ነበር።)

ማንያዘዋል፦ ይኼን... ይኼን መቼ አስተማርኩህ?

ታከለ፦ ጥሩ አስተማሪ ስለሆኑ ነው።

(ከጃኬቱ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የታከለ ሁለት እጆች ተይዘዋል።)

ታከለ፦ ይተዉት፣ ጋሼ። ይጩህ።

ማንያዘዋል፦ ከቤት ቢሆንስ? (አነሣው) ሃሎ?

የሊላክ ድምፅ፦ ዶድ ታከለ? እሺ፣ አባዬ ተማረልህ? ዩቫል እየጠየቀህ ነው፣ “ሁለት ሳምንት ያለማመድኩህን ሁሉ አሳየኸው?” ይላል።

(“ዶድ” የምትለው አጎት ማለቷ ነው። ማንያዘዋል ስልኩን ጆሮው ላይ ጥብቅ አደረገ። ታከለ ሰማይ ሰማዩን ያያል።)

ሊላክ፦ ዝም አትበለኝ፣ ዶድ። አባዬን ታውቀው የለ፣ ላስተምርህ ካልከው አይማርም፤ አስተምረኝ ካልከው ነው የሚማረው። እንደነገርኩህ የማታውቅ መስለህ ዝም ብለህ ጠይቀው። ደግሞ ለሞርዴካይ ስለ ፔሌፎኑ ማንም አልነገረውም፣ ከእኛ ከሦስታችን አይወጣም። አባዬ እንዳያፍርብኝ።

(የማንያዘዋል ጆሮ ጋለ። መጀመሪያ ሊቆጣ ፈለገ፤ “እንዳያፍርብኝ” ያለችው ግን ያዘው። ቁጣውን ትቶ የታከለን ዝግ ያለ አነጋገር አስመስሎ ጀመረ።)

ማንያዘዋል፦ እ... አዎ ልጄ፣ ተማረ። ምን ልንገርሽ፣ አባትሽ እኮ ጎበዝ ነው። እንዲያውም ግማሹን ያሳየኝ እሱ ነው።

ሊላክ፦ አባዬ?

ማንያዘዋል፦ ወዬ!

ሊላክ፦ ስልኩን ለዶድ ታከለ ስጠው።