የአሥራ ስምንተኛዋ ጭረት ጉዳይ

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ጉዳዮች ኮሚቴ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ ክፍል ተሰብስቦ የተነጋገረውን፣ በቅጥር የሁሉም ታናሽ በመሆኔ ጸሐፊ እንድሆን የታዘዝኩት እኔ፣ ከራሴ ምንም ሳልጨምር መዝግቤያለሁ።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (የመዝገብ ቤት ኃላፊ)፣ «አባ ማኅተም» የሚባሉት የማኅተም ኃላፊ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው። የንብረት ክፍል ኃላፊው አልተገኙም፤ ሆኖም ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ስለተሰቀለ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።
በጥሪ የቀረቡ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ።

አጀንዳ፦ የደም ናሙና መለያ የሚያትመው ስክሪፕት (የኮምፒውተር የትዕዛዝ ጽሑፍ)

1. የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከትናንት ጀምሮ መለያው የታካሚ ስም ሳይዝ እንደሚወጣ፣ የሁለት ሰዎች ደምም ለጥቂት ሳይቀያየር እንደቀረ አስረድተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

2. የኮምፒውተር ባለሙያው፣ በስክሪፕቱ የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው ለማቀበል ትዕዛዙ በሁለት ትንንሽ ጭረቶች መካከል እንደሚጻፍ፣ መክፈቻውና መዝጊያው አንድ ዓይነት በመሆኑም አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ ኮምፒውተሩ ተምታቶ ስሙን እንደሚዘል ገለጹ። በጭረቶቹ ፋንታ የዶላር ምልክት የሚቀድመው ቅንፍ እንዲገባ ጠይቀው፣ ሥራው አሥር ደቂቃ እንደሚፈጅ አከሉ።

3. አባ ማኅተም «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ጭረቶች አንተ ፊደል ሳትቆጥር እዚሁ ነበሩ» በማለት፣ ዛሬ ጭረት የናቀ ነገ ማኅተም እንደሚንቅ ሥጋታቸውን አሰሙ።

4. ማኅተም ባረፈበት የወረቀት ቅጂ ሳይመሳከር አንዲት ፊደል እንዳትነካ ደንቡ ስለሚያዝዝ፣ ቅጂው ወጥቶ ጭረቶቹ በአጉሊ መነጽር ተቆጠሩ። በወረቀቱ 17፣ በኮምፒውተሩ 18 ሆኑ። ባለሙያው አንዷ በፎቶኮፒ እንደጠፋች ቢናገሩም፣ ሰብሳቢው «ማኅተም ያለው የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁ አባ ማኅተም ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩ።

ውሳኔ አንድ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከኮምፒውተሩ አንዲት ጭረት እንድትቀነስ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ኮቱ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጓል። ባለሙያው «እያወቅሁማ በእጄ አላበላሽም» ስላሉ ሰብሳቢው ራሳቸው ቀነሱ።

5. በ4፡40 የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ተመልሰው ገቡ። «ትናንት የጠፋው ስሙ ብቻ ነበር፤ አሁን ወረቀቱም አልወጣ አለ። ጋሼ፣ ምን ነካችሁበት?» ሰብሳቢው «ኧረ ምንም አልነካንም፤ አስተካከልን እንጂ» ሲሉ መለሱ።

6. ጭረቷን ለመመለስ ቅጂው 18 ማሳየት ስለሚኖርበት፣ አባ ማኅተም ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በወረቀቱ ላይ አንዲት ጭረት ጨመሩ፤ ማኅተምም አሳረፉባት። ባለሙያው «እስክሪብቶው ከወጣ አይቀር ቅንፎቹንም ይጻፉልኝ» ቢሉ «ለዛሬ ይህ ይበቃል» ተባሉ።

ውሳኔ ሁለት፦ ውሳኔ አንድ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ቅንፍ የሚባለው ነገር እንዳልተነሣ ይቆጠር፤ ስክሪፕቱ ትናንት እንደነበረው ይቀጥል።

በ5፡50 መለያው እንደገና ታተመ። ስም የለውም። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ «እንግዲያው እስክሪብቶውን ስጡኝና ስሞቹን በእጄ ልጻፍ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አሉ። እስክሪብቶው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት በመሆኑ ጥያቄያቸው ለንብረት ክፍል ኃላፊው ተመራ።

ጉባኤው በ6፡00 ሲበተን የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከኮቱ ፊት ቆመው ነበር።