ሳይሮጡበት የሚከፈልበት ጫማ

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ያገኘሁትን አዲስ የሩጫ ጫማ ለእኔ የተገዛ መስሎኝ አጥልቄ እዚህ አሜሪካ፣ ሰፈራችን ፒዮሪያ ስትሪት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ነው። ስመለስ የልጅ ልጄ ሊያ ጮኸች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ! ገና ቪዲዮ ሳላደርገው?»

ሊያ ለኮሌጇ ትሮጣለች። ሯጮችን ከነጋዴ የሚያገናኝ አፕ አለ፤ ጫማ ይልኩላታል፣ ይዛው በቪዲዮ ፈገግ ትላለች፣ ይከፍሏታል። ቪዲዮው ዛሬ ካልደረሰ ግን ውሉ ይፈርሳል። እስቲ ፍረዱኝ፣ ሳይሮጡበት ደመወዝ አለ? እኔና ጓደኛዬ ገብሬ በወጣትነታችን ለአንድ ሳሙና ሽልማት ስንሮጥ ጫማችን አንድ ነበር። ቀድሞ የሮጠው አውልቆ ያቀብላል፤ ተከታዩ ከነሙቀቱ አጥልቆ ይነሳል።

«በቃ፣ ከቆሸሸ አይቀር እርስዎ ይሩጡበት፤ በስልኬ ሪከርድ አደርግዎታለሁ» አለች ሊያ።

ሆዴ እየቀደመኝ ፓርኪንጉን ዞርኩ። እንደጨረስኩ፣ እጄ ሳላዘው ጫማውን አውልቆ ወደ ጎን ዘረጋው።

«ለማን ነው አባባ?» እያለች በሳቅ ፈረሰች። ቪዲዮውን እንዳለ ላከችው፤ ነጋዴዎቹም ወደዱት፤ ውሉ ተረፈ።

ለማን ይሆናል፣ ለገብሬ ነዋ! በመጨረሻው ውድድራችን ቀድሜ የሮጥኩት እኔ ነበርኩ። ላቀብለው ስል ዝናብ ወርዶ ውድድሩ ተበተነ። እስከ ዛሬ የእሱ አንድ ተራ ዕዳ አለብኝ።