አገር የሚዘጋው አቤሴሎም

ቁልፍ የማይሰጡት ሰው በየከተማው አለ። መዝጋት እንጂ መክፈት አልፈጠረበትም። በሰርግ ድንኳን አፍ ላይ፣ በመሥሪያ ቤት ደጅ፣ በስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ታገኙታላችሁ። ሆሳዕና ከተማ ላይ ደግሞ ጌም ቤት ከፍቷል፤ ስሙም አቤሴሎም ይባላል።

ክቡር አቤሴሎም ጨዋታውን በኢንተርኔት የሚያገናኝበት የራሱ ሰርቨር አለው። ሰው ካለበት አገር ሆኖ ይገባና ኳስ ይጫወታል፤ እየተጫወተም ያወራል። ማን ከየት አገር እንደገባ ኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ታዲያ አንዱ ባለጌ ሲሳደብ ሰውየውን መሰላችሁ የሚያስወጣው? አገሩን ነው! አንድ ብራዚላዊ አፉን ከፈተ፤ ብራዚል ተዘጋች። ከቱርክ የገባ ሌላው በባዶ አሸንፎት ሳቀ፤ ቱርክም ሄደች። "ሥርዓት ከሌለ ጨዋታ የለም" ይላል፣ ዓለም በአደራ የተሰጠችው ይመስል።

አስናቀች ብራዚል ብትዘጋ ምን ቸገራት? ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ በጌም ቤቱ አጠገብ ድንች የምትሸጥ ሴት ናት። ብዙ በር ተዘግቶባት ዝም ብላለች። ሰውየው ግን ባለፈው ሰሞን ደቡብ አፍሪካን ዘጋ።

እስቲ አሁን ሆሳዕና ተቀምጦ ደቡብ አፍሪካ ይዘጋል? ከሌሞ እስከ ሀደሮ እዚያ ሰው የሌለው ቤት የቱ ነው? የአስናቀች ታናሽ ወንድም ሚክያስም እዚያ ነው። ስልክ ላይ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብቻ ነው መልሱ። በአቤሴሎም ጨዋታ ላይ ግን ይስቃል፣ ይከራከራል፣ ያኮርፋል። እሷም ድንቿን ሸጣ ስትጨርስ ጌም ቤቱ ጥግ ተቀምጣ የምትሰማው ይህንን ነበር።

ድንቿን ጥላ ገባች።

"ጌታዬ፣ ደቡብ አፍሪካን የዘጉት እርስዎ ነዎት?"

"እትዬ አስናቀች፣ አንዱ እናቴን ሰደበብኝ!"

"በምን ቋንቋ?"

አቤሴሎም አቀረቀረ። "በሀዲይኛ።"

"የኛው ልጅ ነዋ! ሆሳዕናንም ዝጋታ!"

"ጎረቤታችንን የሞርሲቶን ከተማም እንዳትረሳ አቤ!" አለ ጎረቤቱ ባለሱቅ ናስረዲን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ሕግ ሕግ ነው" አለ አቤሴሎም፣ ጆሮው ቀልቶ።

አስናቀች ግን አልሳቀችም። "ወንድሜ በየድንበሩ እየተያዘ፣ እየታሰረ ነው እዚያ የደረሰው። ያን ሁሉ አልፎ ሲያበቃ አንተ ደግሞ እዚህ ሆሳዕና ላይ ሌላ ድንበር ታቆምበታለህ?"

ሳቁ ቆመ። አቤሴሎም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ጥቂት ነካካና ደቡብ አፍሪካ ተከፈተች። ሚክያስ ገባ፤ ያ ተሳዳቢም አብሮት ገባ፤ አቤሴሎም ጥርሱን ነክሶ የእሱን ድምፅ ብቻ አጠፋ። አገሩን አልነካም። ከዚያ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አውልቆ በሻሿ ላይ ደፋላት።

"ሚክያስ?" አለች። "አስኒ!" አለ እሱ በንዴት። "ሰሞኑን የዘጋብን ማነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፤ ልክ ላስገባው!"

ድምፁ ከማዳመጫው አልፎ ለሁሉም ተሰማ። አቤሴሎም ደረቱ ሟሽሾ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

አስናቀች አየችው።

"መብራት ጠፍቶብን ነው፣ ወንድሜ" አለች።